ማልበስ መቼ ይፈጸማል?

ለታረዘ ሰው ልብስ መስጠት ከምጽዋት ሁሉ የቀለለው እንደ ሆነ ብዙዎቻችን እናስባለን፤ ገንዘብ የሰጠ ሰው ከከረጢቱ ይጐድልበታል፥ እህል የሰጠም ጐተራው ይቀንስበታል፥ በሣጥን ተከቶ ብል ሊበላው የተቃረበውን ልብስ አውጥቶ የሰጠ ሰው ግን ያጣው ነገር ያለ አይመስለውም። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ከዚህ ቀላል ከሚመስለው ምጽዋት ውስጥ ከባድ ጥያቄ ይወጣል፤ ይኸውም፥ ቁመቱ ያጠረ ሽማግሌ የአንድ ረዥም ጐልማሳ ሱሪ ተሰጥቶት ጫፉን በጭቃ እየጐተተ ሲሄድ፥ ወይም አንዲት እናት ከእጅዋ አንድ ስንዝር የሚተርፍ እጅጌ ያለው ሹራብ ለብሳ ምድጃ ስትቈሰቍስ እጅጌው ወደ ነበልባሉ እየገባ ሲያስጨንቃት፥ ያ ሰጪ በእውነት አልብሶአልን ወይስ ጨርቅ ብቻ አሻግሮአል? የሚል ነው።

እኔ የማልበስ ግብር ተፈጸመ የሚባለው ጨርቁ ከሰጪው እጅ በወጣ ጊዜ ሳይሆን በለባሹ ገላ ላይ በልኩ ባረፈ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም እምነቴን የማቆመው በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት 3ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ አዳምና ሔዋን ከትእዛዝ ወጥተው ዕርቃናቸውን ባወቁ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው እጃቸውን ያነሡበት ሥራ ስፌት ነበረ፤ የበለስ ቅጠል ሰፍተው ታጠቁ። በፍርሃትና በጥድፊያ የተሰፋው ያ መሸፈኛ ግን የሚበቃቸው ሆኖ ስላልተገኘ፥ እግዚአብሔር ፍርዱን ከሰጠ በኋላ እንኳ፥ ከገነት ሳያስወጣቸው በፊት፥ የቍርበት ልብስ አዘጋጀላቸው፤ መጽሐፉም በማዘጋጀቱ ብቻ አያቆምም፥ እርሱ ራሱ እንዳለበሳቸው ጨምሮ ይመሰክራል። ልብሱን ሠርቶ ከፊታቸው ቢያኖርና እንደ ወደዳችሁ ልበሱት ቢላቸው ኖሮ ምሕረቱ ያው ምሕረት በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የፈጠረውን ገላ የሚያውቀው ፈጣሪ ሁለቱን ግብራት፥ ማዘጋጀትንና ማልበስን፥ አልለያያቸውም። በሉቃስ ወንጌል 15ኛው ምዕራፍም የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ አባቱ አገልጋዮቹን ያዘዛቸው የተሻለውን ልብስ አምጥተው እንዲያለብሱት ነው እንጂ አምጥተው እንዲሰጡት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ መንፈሳዊ አንባቢ ሊያቆመኝ ይችላል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል 6ኛው ምዕራፍ ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ አዝዞናልና፥ እንግዲህ ልብስ ሰፋ ጠበበ፥ ረዘመ አጠረ እያሉ መርፌና መቀስ ይዞ መዋል የሥጋ አሳብ አይደለምን? ይህ ተቃውሞ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ከበረሓ አባቶቻችን መካከል ለገላቸው ከቶ ያላሰቡ፥ እንደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ያለ ልብስ በጠጕራቸው ብቻ ተሸፍነው የኖሩ ጻድቃን በገድላቸው ይዘከራሉና። ነገር ግን እነርሱ የናቁት የራሳቸውን ምቾት ነው እንጂ የባልንጀራቸውን እርዛት አይደለም። ደግሞም በዚያው ምዕራፍ የተጠቀሱትን የሜዳ አበቦች ልብ ብሎ ላያቸው ሰው፥ የማይደክሙትና የማይፈትሉት እነዚህ ፍጥረታት የተሸለሙት ሽልማት ለእያንዳንዳቸው በልካቸው ነው፤ የአንዱ ጌጥ ተርፎት ሲጐተት፥ የሌላውም ጠብቦት ሲያስጐብጠው አይታይም። ስለዚህ በልክ መልበስ የፈጣሪ ልማድ መሆኑን ከጭንቀት እንድንርቅ ከተመከርንበት ከዚያው ቦታ እንማራለን። ጭንቀት የሚባለው የሌለንን ልብስ እየተመኙ መክሳት ነው፤ የተሰጠንን ልብስ ለገላችን ማስማማት ግን ከምስጋና ወገን ይቈጠራል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ብዙ እንዳይቸገሩ የረዳቸው ሸማው ነበረ። ጋቢም ሆነ ኩታ ወይም ነጠላ ለማንም ገላ ተለክቶ አይሸመንም፤ ሸማኔው ከመወርወሪያው ጋር ሲውል የሚያስበው የድሩንና የማጉን ጥራት፥ የጥለቱንም ውበት ነው እንጂ የለባሹን የትከሻ ስፋት አይደለም። አንዱ ጋቢ ወፍራሙንም ቀጭኑንም፥ አባትንም ልጅንም ያለ አድልዎ ያለብሳል፤ ለባሹም በቤተ ክርስቲያን መስቀልኛ አጣፍቶ፥ በትልቅ ሰው ፊት አደግድጎ፥ በኀዘን ቤት ጥለቱን ዘቅዝቆ፥ በብርድ ጊዜ ተከናንቦ፥ ልብሱን በለበሰ ቍጥር በገዛ እጁ እንደ አዲስ ለገላውና ለሰዓቱ ያስተካክለዋል። በመርፌ የተሰፋ ልብስ ግን ከሰፊው እጅ ሲወጣ ስለ ለባሹ አስቀድሞ ፈርዶ ይወጣል፤ ትከሻህ ይህን ያህል ነው፥ ወገብህም ከዚህ አያልፍም ይለዋል። ፍርዱ ሳይገጥም ሲቀር የሚያፍረው ደግሞ ልብሱ ሳይሆን ሰውዬው ነው፤ ወፍሬአለሁ፥ ከስቻለሁ፥ እግሬ አጭር ነው፥ ክንዴ ረዥም ነው እያለ በመስተዋት ፊት የገዛ ገላውን ይከስሳል።

ይህ ኀፍረት ያለ ቦታው የገባ መሆኑን የልብስን ልክ ያጠኑ ሰዎች ሥራ ሳይቀር ያስረዳል። በአሜሪካ አገር ለሴቶች የሚሰፋ ልብስ የሚቈረጥበትን ልክ ለመወሰን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 እና በ1940፥ ወደ 15,000 ከሚጠጉ ሴቶች ከእያንዳንዳቸው 59 ልኬት ተወስዶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ የአየር ኃይል ተመራማሪ በ1952 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ4,063 አየር ኃይለኞች መካከል ለልብስ ስፌት በሚጠቅሙ በ10 ልኬቶች ሁሉ መካከለኛ ሆኖ የሚገኘው ስንት እንደ ሆነ ቢመረምር፥ አንድ ሰው እንኳ እንዳላገኘ አስታወቀ። የአንዱ ክንድ መካከለኛ ሲሆን ደረቱ ሰፊ ይሆናል፤ የሌላው ወገብ ሲገጥም እግሩ ይረዝማል። እንግዲህ ሰፊው በአሳቡ ይዞ የሚቈርጥለት ያ መካከለኛ ሰው ከእነዚያ ሁሉ መካከል አልተገኘም ማለት ነው፤ ይህም ለሃይማኖት ሰው እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም፤ የራስ ጠጕራችንን ሳይቀር ቈጥሮ የሚያውቅ አምላክ ሰውን የሚያውቀው በአማካይ አይደለምና። ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ መጥቶ በየገበያው ሰልባጅ እየተባለ የሚሸጠው ልባሽ ጨርቅ ደግሞ ከእኛ ገላ ሁለት ጊዜ የራቀ ነው፤ መጀመሪያ ላልተወለደ ሰው ተቈረጠ፥ ቀጥሎም በማናውቀው ሰው ጕልበትና ክርን ተለጥጦ የዚያን ሰው መልክ ይዞ መጣ። ለእኛ እንዲሆን ሦስተኛ እጅ ያስፈልገዋል።

ሥራው ራሱ ከሚያስፈራው ይልቅ የቀለለ ነው። መርፌና ክር፥ የተሳለ መቀስ፥ ጥቂት ስፒል፥ በጨርቁ ላይ ምልክት ለማድረግም የደረቀ የሳሙና ስባሪ ያለው ቤት ሁሉ ሊጀምረው ይችላል፤ የስፌት መኪና ከተገኘ መልካም፥ ካልተገኘም መኪና ሳይፈጠር በፊት ዓለም ሁሉ በእጅ የተሰፋ ለብሶ ኖሮአል። ሱሪ የሚያሳጥር ሰው፥ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት የሚሰበሰብ ነውና፥ ልብሱ አዲስ ከሆነ አስቀድሞ ይጠበው፤ ከዚያ በኋላ ለባሹ የዘወትር ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያድርግና፥ እርሱ ከእግሩ ሥር ተንበርክኮ የሱሪውን ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፈ በስፒል ይያዝ፤ የብዙ ሰው ሁለት እግር ፍጹም እኩል አይደለምና ሁለቱንም ለየብቻ ይለካ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ማንም ሰው ይህን ልክ በራሱ ላይ አስተካክሎ ሊወስድ አይችልም፥ ለመለካት ጐንበስ ባለ ጊዜ ሱሪው አብሮት ይንቀሳቀሳልና ልኩ ይዋሻል። ልኩን ለማወቅ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፥ ያም ሌላ ሰው ከእግሩ በታች ዝቅ ማለት ይኖርበታል። በጸሎተ ኀሙስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበትን ሥርዓት የሚያውቅ ክርስቲያን፥ ሰው ለሰው እንዲህ የሚንበረከክባቸው ሥራዎች በዚህ ዓለም ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆኑ አይሰወረውም።

ልኩ ከተያዘ በኋላ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል፤ ቅምቅማቱም መርፌው ከውጭው ጨርቅ አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ እየነካ ከሄደ በላይ በኩል አይታይም። የሰፋ ወገብ የሚጠበው ከኋላ ከመካከለኛው ስፌት ነው፤ አዋቂ ልብስ ሰፊዎች በዚያ ቦታ ትርፍ ጨርቅ ያስቀራሉና፥ የጠበበም ከሆነ ያንኑ ስፌት ተርትሮ መልቀቅ ይቻላል። ጐኑ የሰፋ ሸሚዝ ወይም ቀሚስ ተገልብጦ ይለበስና በግራና በቀኝ እኩል በስፒል ይያዛል፥ ከዚያም በሰፋፊው ይወሰወሳል፥ ለባሹም ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ፥ ተቀምጦና ጐንበስ ብሎ ይሞክረዋል፤ ጽኑው ስፌት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብብት ሥር የሚይዝ ልብስ ደግሞ በዚያ ስፍራ ስፌቱ ተተርትሮ ባለ አራት ማዕዘን ትንሽ ቍራጭ ቢገባበት ክንድ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ትከሻው ያልገጠመ ኮት ግን በቤት ውስጥ መርፌ እንደማይቃና በግልጥ መናገር ይገባል፤ የኮት ትከሻ የልብሱ ሁሉ መሠረት ነው፥ እርሱን ያፈረሰ ሰው ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ይጠበቅበታል።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ሕግ አስበልጬ እወድዳለሁ፤ ማጠፍ የሚቻለውን አትቍረጥ የሚለውን። በመስከረም ወር ለልጅዋ ዩኒፎርም የምታሰፋ እናት አንድ ዓመት የሚበልጠውን ልክ መርጣ፥ የእጅጌውንና የሱሪውን ጫፍ ሦስትና አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋለች፤ ልጁ ባደገ ቍጥር ስፌቱን እየተረተረች ትለቅለታለች። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 2ኛው ምዕራፍ የሳሙኤል እናት ሐና በየዓመቱ ከባልዋ ጋር ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ በወጣች ጊዜ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት እንደ ነበረ ተጽፎአል። ሕፃኑ በዔሊ ዘንድ በቤተ መቅደስ ያገለግል ስለ ነበረ፥ እርስዋ ስትፈትልና ስትሰፋ የልጅዋ ገላ ከፊትዋ አልነበረም፤ ያለፈውን ዓመት ቁመቱን በልብዋ ይዛ፥ በዚህ ዓመት ያደገውን በተስፋ ጨምራ መስፋት ነበረባት። ጸሎትዋን ሊቃውንት ሁሉ ያመሰግናሉ፥ መዝሙርዋም ከነቢያት ጸሎት ጋር ይጸለያል፤ እኔ ግን ይህን መደረቢያ ከጸሎትዋ አሳንሼ አላየውም፥ በማታየው ልጅ እድገት ማመን በዚያ ልብስ እጥፋት ውስጥ ተሰፍቶ ነበርና። እጥፋቱ የተለቀቀ ዩኒፎርም የድሮው ጠርዝ ምልክት እንደ ነጣ መሥመር ይቀርበታል፤ በሆምጣጤ ውሃ ርሶ በትኩስ ካውያ ቢተኰስ ይደበዝዛል እንጂ ሁልጊዜ ፈጽሞ አይጠፋም። ልጆች በዚያ መሥመር ያፍራሉ፤ ማፈር ግን አይገባቸውም ነበር፥ ያ መሥመር አሳቢ ሰው እንዳላቸው የሚመሰክር ጽሑፍ ነውና።

ከልጅ ልብስ ይልቅ የሚከብደው የሟች አባት ኮት ነው። በብዙ ቤት ይህ ኮት ተዝካሩ እስኪወጣ ድረስ በምስማር ላይ ተሰቅሎ ይቈያል፥ ከዚያ በኋላ የበኵር ልጁ ይልበሰው ተብሎ ይወርዳል። በኦሪት ዘኍልቍ 20ኛው ምዕራፍ ሙሴ በሖር ተራራ ላይ የወንድሙን የአሮንን ልብሰ ተክህኖ አውልቆ ለልጁ ለአልዓዛር አለበሰው፤ አሮንም በዚያ ሞተ። ኦሪት ዘፀአት 29ኛው ምዕራፍ ይህ ልብስ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ አስቀድሞ አዝዞ ነበር። ልብሱ በአልዓዛር ገላ ላይ ይስፋ ወይም ይጥበብ መጽሐፉ አይነግረንም፤ የሚነግረን የሚሞት አባት፥ የሚለብስ ልጅ፥ በመካከላቸውም የሚያለብስ ሦስተኛ ሰው በዚያ ተራራ ላይ መኖራቸውን ነው። በእኛ ቤት የሙሴን ቦታ የምትይዘው ብዙ ጊዜ እናቲቱ ናት። የባልዋን ኮት በጭንዋ ላይ አድርጋ የእጅጌውን ገበር ስትተረትር፥ ጨርቁን ሳትቈርጥ ወደ ውስጥ ስታጥፍ፥ ቍልፎቹን ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ስታሳልፍ፥ ያረጀውን ኮሌታ ፈትታና ገልብጣ ያልተበላውን ፊት ወደ ላይ ስትመልስ፥ ልጁ አባቱን እንዳይመስል ሳይሆን የአባቱን ልብስ ለብሶ ራሱን ሆኖ እንዲሄድ ታደርጋለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው ወርቁ የሰው ሆኖ በቀረ ጊዜ ነው፤ በፍቅር ተፈትቶ በልክ የተሰፋ ልብስ ግን ከእንግዲህ የሰው አይደለም።

በማርቆስ ወንጌል 2ኛው ምዕራፍ ጌታችን በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ ጨርቅ የሚጥፍ እንደሌለ ያስተማረውን ቃል መተርጕማን ስለ ሕገ ኦሪትና ስለ ሕገ ወንጌል ይናገሩታል፥ ትርጓሜውም የታወቀ ነው። ነገር ግን ምሳሌው የቆመው በእውነተኛ የስፌት ዕውቀት ላይ መሆኑ አይዘንጋ፤ እጥበት ያልነካው ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፥ ሲሰበሰብም ብዙ ታጥቦ የሳሳውን አሮጌ ልብስ ከዙሪያው ይቀድደዋል። ስለዚህ ልብስ የሚጥፍ ሰው የሚጥፍበትን ጨርቅ ከዚያው ልብስ፥ ከኪሱ ውስጥ ወይም ከጠርዙ ትርፍ፥ ቢያወጣ የተሻለ ነው፤ አብሮ የታጠበና አብሮ ያረጀ ጨርቅ አይጣላምና። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ደግሞ ሰንበት ስለ ሰው እንደ ተፈጠረች እንጂ ሰው ስለ ሰንበት እንዳልተፈጠረ ይነገራል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ምዕራፍ መገናኘታቸው እንዲያው በአጋጣሚ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ልብስም እንዲሁ ስለ ሰው ተሰፋ እንጂ ሰው ስለ ልብስ አልተፈጠረምና። ይህን ስል ግን ትእዛዝን በምኞታችን ልክ እናሳጥር ማለቴ አይደለም፤ መቀስ በዚያ ስፍራ አይገባም፤ ገላ ቁመቱና ወርዱ የሚለካ እውነተኛ ፍጥረት ነው፥ ምኞት ግን ልክ ስለሌለው ማንም ልብስ ሊሰፋለት አይችልም።

ከትዕግሥት ወገን የሚመጣም ተቃውሞ አለ። እግዚአብሔር የሰጠኝን እንደ ሰጠኝ እቀበላለሁ፥ የጠበበውንም የሰፋውንም ሳላንጐራጕር እለብሳለሁ የሚል ሰው ከዚህ ሁሉ መርፌና ክር ይልቅ ትሑት አይደለምን? እኔ ትሕትናውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ስጦታን መቀበል ማለት በስጦታው ላይ እጅን አለማሳረፍ ነው የሚለውን አሳብ ከቅዳሴያችን ጋር ማስማማት ያቅተኛል። በመንበሩ ላይ የሚቀርበው ስንዴ አይደለም፥ ዲያቆናት በቤተ ልሔም አቡክተው የሚጋግሩት ኅብስት ነው፤ ከዘቢብ የሚጠመቀው ወይንም እንዲሁ የሰው እጅ ሥራ አለበት። ምድር የሰጠችው በሰው ድካም ተለውጦ ካልቀረበ በስተቀር ቍርባን አይሆንም። የተሰጠውን ልብስ እንዳለ ለብሶ በጭቃ የሚጐትት ሰው ልብሱን በስድስት ወር ይጨርሰዋል፤ አጥፎ የሰፋው ሰው ግን ለዓመታት ይለብሰዋል፥ ካወለቀውም በኋላ ለሌላ ያስተላልፈዋል። ከሁለቱ ስጦታውን ይበልጥ የተቀበለው የትኛው ነው? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ልብስ በራሽን ሆኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1941 እስከ 1949 ድረስ፥ ሕዝቡ አሮጌውን እየፈታ መልሶ መስፋትን ከመንግሥት ዘንድ ይመከር ነበር፤ ጦርነቱና ችግሩ ሲያልፍ ግን ልማዱም አብሮ እየቀነሰ ሄደ። ችግር ብቻውን ያስተማረው ነገር ችግሩ ሲያልፍ ያልፋልና፥ እኔ ይህ ሥራ በምስጋና ላይ ቢቆም እመርጣለሁ።

ሆኖም መርፌ የማይገባበት ልብስ አለ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 17ኛው ምዕራፍ ሳኦል ዳዊትን ወደ ጎልያድ ሲሰድደው የገዛ ራሱን የጦር ልብስ አለበሰው፥ የናስ ቍርም ደፋለት፤ ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ ከትከሻው በላይ የሚረዝም ሰው ነበር፥ ዳዊት ደግሞ ከእረኝነት የመጣ ብላቴና። ዳዊት ጥቂት ሞክሮ መራመድ ባቃተው ጊዜ አወለቀው፤ ንጉሥን አልናቀም፥ ስጦታንም አልጠላም፥ ናስ ግን አይታጠፍም፥ ጊዜም አልነበረውም። ወንጭፉንና አምስት ድንጋዮቹን ይዞ ወረደ። አንዳንድ ሹመትም፥ አንዳንድ ሙያም፥ ከአባት የተወረሰ አንዳንድ ማዕርግም እንዲህ ያለ የናስ ልብስ ነው፤ የያዘው ሰው ለዓመታት ሊያጠበው ሊያሰፋው ይደክማል፥ መርፌው ግን የሚገባበት ስፌት አያገኝም። ያን ጊዜ በአክብሮት አውልቆ ለባለቤቱ መመለስ ይሻላል። ለማወቅ የሚቻለው ደግሞ እንደ ዳዊት ለብሶ ጥቂት እርምጃ በመሄድ ነው፤ ሳይለብስ የሚጥል ሰውና ከደማ በኋላም የማያወልቅ ሰው ሁለቱም ልካቸውን አያውቁም።

በአገራችን ለረዥም ዘመን ሸማኔና ልብስ ሰፊ፥ ቀጥቃጭና ፋቂ ሲናቁና ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። ይህ ንቀት ከሃይማኖታችን የመጣ ሊሆን አይችልም፤ በኦሪት ዘፀአት 28ኛው ምዕራፍ የአሮንን ልብስ የሚሰፉት ሰዎች በእግዚአብሔር የጥበብ መንፈስ የተሞሉ እንደ ሆኑ ተነግሮአልና፥ ለነቢይ የተነገረው ቃል ለመርፌ ያዥም ተነግሮአል። በዚያው ምዕራፍ የቀሚሱ አንገትጌ እንዳይቀደድ ዙሪያው በጽኑ ሥራ እንዲጠነከር መታዘዙን ሳነብ፥ ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ስለ አንገትጌ ጠርዝ ማሰቡ ያጽናናኛል። በግብረ ሐዋርያት 9ኛው ምዕራፍም ጣቢታ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ በጴጥሮስ ፊት ቆመው እያለቀሱ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። ስለ ጸሎትዋና ስለ ጾምዋ ሊነግሩት ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ልብሱን አሳዩት።

ስለዚህ በየአጥቢያው ያሉ የጽዋና የሰንበቴ ማኅበርተኞች በበዓላት ዋዜማ ልብስ ሰብስበው ለነዳያን ሲያከፋፍሉ ሳይ ደስታና ቅሬታ አንድነት ይሰማኛል። ደስታው ስለ ቸርነታቸው ነው፤ ቅሬታው ልብሱ ተከምሮ፥ ሰው ተሰልፎ፥ ከክምሩ የተነሣው ሁሉ ለደረሰው ሰው እየተሰጠ ስለሚያልፍ ነው። እለምናቸዋለሁ፤ የማከፋፈሉን ሥራ ከአንድ ቀን ወደ ሁለት ቀን ያድርጉት። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ነዳይ በስሙ ተጠርቶ ይለካ፥ ለብሶም ይታይ፥ የሚታጠፈውና የሚጠበው በስፒል ይያዝለት፤ ተሰፍቶ በሁለተኛው ቀን ይረከብ። ከሚሰበሰበው መዋጮም ጥቂቱ ለክርና ለመርፌ፥ ለላስቲክና ለቍልፍ መግዣ ይመደብ። ምጽዋት የሚሰጡት ገንዘብ ስለሌላቸው በበዓል ቀን ከዳር የሚቆሙ፥ ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ መርፌ ከእጃቸው ያልተለየ ብዙ ድኾች እናቶች በየአጥቢያው አሉ፤ እነርሱ ለዚህ ሥራ ይጠሩ፥ በማኅበሩም መዝገብ ላይ ከሰጪዎች ጋር ስማቸው ይጻፍ።